ከወተት ጣሳ የወጣ ጥይት፦ ለአሮጌ ጠመንጃ የትኛው ይሆናል?

አዳማ ውስጥ ከምኖርበት ቤት ሁለት አጥር አለፍ ብሎ አንድ አዛውንት አሉ። አባታቸው አርበኛ ነበሩ። ከእሳቸው የወረሱት አሮጌ ጠመንጃ በስማቸው ተመዝግቦ፣ ፈቃዱ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ይኖራል። በዓመት አንዴ፣ የአርበኞች ቀን ሚያዝያ 27 ሲቃረብ ይወጣና ይወለወላል። ባለፈው ሲወለወል ቡና ተጠርቼ እኔም ነበርኩ።

ጠመንጃው ተወልውሎ ግድግዳ ከተደገፈ በኋላ ሽማግሌው ከአልጋ ሥር የዱቄት ወተት ጣሳ ጎትተው አወጡ። ሰፌድ ላይ ገለበጡት። ቆጠርኩ። አሥራ አራት ጥይት፣ አንድ ባዶ ቀለሃ።

«አባባ፣ ይሄ ሁሉ የዚሁ ጠመንጃ ነው?»

«ጥይት ጥይት ነው ልጄ» አሉኝ። «ከጎረሰ ይተኩሳል።»

ሰፌዱን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት። ስምንቱ ሹል አፍንጫ አላቸው። ሦስቱ ቀጠን ብለው ጫፋቸው ድቡልቡል ነው። አንዱ ቂጡ ላይ እንደ ጠርሙስ ቆርኪ ወጣ ያለ ጠርዝ አለው። የቀሩትን ሁለቱን ማንም ያውቃቸዋል፤ የክላሽ ናቸው። አንድ ጣሳ ውስጥ የአራት ጠመንጃ ጥይት ማለት ነው። «ከጎረሰ ይተኩሳል» የምትለዋ ነገር ደግሞ ዓይን ልታጠፋ ትችላለች። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ጥይት ስንል ምን ማለታችን ነው?

በአንድ ቃል «ጥይት» እንላለን እንጂ ነገሩ አራት ነው። ተወርውሮ የሚሄደው አረር ነው። አረሩን ጫፉ ላይ የያዘው የናስ ወይም የብረት ቱቦ ቀለሃ ነው። ቀለሃው ውስጥ ባሩድ አለ። ቂጡ መሐል ላይ ደግሞ ምስር የምታክል ቆብ ተሰክታለች። እሷን እዚህ መለኮሻ እያልኩ ልቀጥል።

ምድጃ አስቡ። መለኮሻዋ ክብሪት ናት፣ ባሩዱ ማገዶ ነው። ቃታ ሲሳብ የጠመንጃው መርፌ መለኮሻዋን ይመታል፣ ክብሪቱ ይጫራል፣ ማገዶው በቅጽበት ይነዳል፣ ጋዙ አረሩን ገፍቶ ያስወጣዋል። ቀለሃውስ? ሰው የሚረሳው እሱን ነው። በዚያች ቅጽበት ቀለሃው ይነፋና የጠመንጃውን ጉሮሮ፣ ማለትም ጥይቱ ጎርሶ የሚቀመጥበትን ቦታ፣ ግጥም አድርጎ ይዘጋል። ግፊቱ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ፣ ወደ ተኳሹ ፊት እንዳይመጣ የሚከላከለው ይሄ ስስ ናስ ነው። ቀለሃው ከጉሮሮው ጋር ካልገጠመ ወይም ከተሰነጠቀ የሚፈላው ድስት ክዳኑ ተነሳ ማለት ነው። ድስቱ ያለው ደግሞ ጉንጭዎ ሥር ነው።

«ትርፍ ጥይት» ከየት ይመጣል?

አንድ ሠራዊት ጠመንጃ ሲቀይር የአሮጌው ጥይት መጋዘን ውስጥ ይቀራል። ከፊሉ ይወገዳል፣ ከፊሉ ለወዳጅ አገር ይሰጣል፣ ከፊሉ ደግሞ ሕጉ በሚፈቅድበት አገር ለሲቪል ገበያ ይወጣል። የሚመጣው በእንጨት ሣጥን ነው፤ ውስጡ እንደ ሰርዲን የታሸገ ትልልቅ ቆርቆሮ አለ። አውሮፓና አሜሪካ ያሉ የአሮጌ ጠመንጃ ሰብሳቢዎች ለዓመታት ዒላማ ሲመቱበት የኖሩት በዚሁ ነው፤ ከአዲስ ጥይት ይረክስ ነበርና። አሁን ክምችቱ እየሳሳ፣ ዋጋውም እየወጣ ነው።

አሮጌ ጥይት ለመጨረስ ሲባል የተሠራ ስህተት በእኛም ታሪክ ውስጥ አለ። በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ጣሊያን ካርካኖ የሚባል አዲስ ጠመንጃ ነበራት። ሆኖም ብዙው ወታደሯ የተሰለፈው አሮጌውን ቬተርሊ ይዞ ነው። ምክንያቱ መጋዘን የተከማቸው አሮጌ ጥይት ይለቅ መባሉ ነው። ቁጠባው እንዴት እንዳለቀ ታውቃላችሁ።

በእኛ በኩል ደግሞ ጥይት ገንዘብም ነበር። ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን ገበያ ላይ እንደ ዝርዝር ሳንቲም ያገለገለበት ዘመን አለ። ጥይት በጣሳ፣ በአገልግል፣ በማሰሮ ተከቶ ለልጅ ልጅ የሚተላለፈው ከዚያ በወረስነው ልማድ ይመስለኛል። ገንዘብ ደግሞ ይቀመጣል እንጂ ያረጃል ብሎ የሚያስብ የለም።

እጃችን ላይ ያሉት አሮጌ ጠመንጃዎች የትኞቹ ናቸው?

ስማቸውን እናውቃለን፣ የመጡበትን እንረሳለን። ውጅግራ የፈረንሳዩ «ፉዚ ግራ» ነው። በ1874 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ አረሩ 11 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ በጥቁር ባሩድ የሚሠራ ጢሳም ጠመንጃ ነው። ለበን የ1886ቱ «ሌበል» ነው፤ እሱም የፈረንሳይ። ምንሽር ስሙ የመጣው ከኦስትሪያው «ማንሊከር» ነው። ዛሬ ግን ሰው የጣሊያኑን ካርካኖም፣ ሌላውንም እጀታው በእጅ እየተሳበ የሚጎርስ አሮጌ ጠመንጃ ሁሉ ምንሽር ይለዋል። ቤልጅግ ደግሞ ከማይጨው ጦርነት በፊት መንግሥት ከቤልጅግ የገዛው፣ ሞዘር የሚባለው የጀርመን ንድፍ ጠመንጃ ነው። ያኔ የክብር ዘበኛን ያሠለጥኑ የነበሩትም የቤልጅግ መኮንኖች ናቸው።

የጎረቤቴ ቤልጅግ ነው። የጅቡቲው ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ስለሆነ ጠመንጃው በሣጥን ተጭኖ በዚሁ በአዳማ ጣቢያ በኩል አልፎ ይሆናል። ብቻ እሳቸውም ምንሽር ነው የሚሉት። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። «የምንሽር ጥይት» የሚባል ነገር የለም። ምንሽር የተባሉት ጠመንጃዎች ቢያንስ ሦስት አራት ዓይነት ጉሮሮ አላቸው።

ቁጥሩ ከገጠመ አይበቃም?

አይበቃም። የጥይት መጠን ብዙውን ጊዜ በሁለት ቁጥር ይጻፋል። የመጀመሪያው አረሩ የሚወጣበትን የጠመንጃውን ቱቦ ስፋት በግምት ይነግራል፣ ሁለተኛው የቀለሃውን ርዝመት፣ ሁለቱም በሚሊ ሜትር። ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ይይዛል።

7.62ን እንውሰድ። የክላሽ ጥይት 7.62×39 ነው። አሜሪካ ለንጉሡ ሠራዊት ከሰጠችው መሣሪያ ትንሿ ኤም-ዋን ካርባይን 7.62×33 ትጎርሳለች፣ ትልቁ ኤም-ዋን ጋራንድ ደግሞ 7.62×63። የኔቶ አገሮች ጥይት 7.62×51 ነው። የሩሲያው ሞሲን ናጋንት 7.62×54አር ነው («አር» ቂጡ ላይ ጠርዝ አለው ማለት ነው)፤ ይሄ ከ1891 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ጥይት ዛሬም በፒኬኤም መትረየስና በድራጉኖቭ አነጣጥሮ መተኮሻ ጠመንጃ ላይ እየተተኮሰ ነው። አምስቱም «ሰባት ስድሳ ሁለት» ናቸው። አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። በግድ ቢገባ ደግሞ የባሰ ነው። አጭር ቀለሃ ረጅም ጉሮሮ ውስጥ ሲተኮስ የሚደገፍበት ግድግዳ ስለሌለው ይፈነዳል። ቁጥር 42 ጫማ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ነጠላ ጫማም አለ፣ የወታደር ቦቲም አለ።

ይባስ ብሎ ቁጥሩ ሙሉ በሙሉ ገጥሞም የማይሆን አለ። ቤልጅጉ የሚጎርሰው 7.92×57 የጀርመን ሞዘር ጥይት ነው። ጀርመኖች ይህን ጥይት በ1888 እ.ኤ.አ. ሲያወጡት አረሩ 8.07 ሚሊ ሜትር ነበር። በ1905 አካባቢ ሹል አፍንጫ ባለው አዲስ አረር ሲተኩት ውፍረቱን 8.20 አደረሱት። ቀለሃው ያው ነው። ልዩነቱ 0.13 ሚሊ ሜትር፣ ከአንድ የፎቶኮፒ ወረቀት ብዙም አይበልጥም። ነገር ግን ወፍራሙ አረር ለቀጭኑ በተሠራ አሮጌ ቱቦ ውስጥ ሲነዳ መውጫው ይጠበዋል፤ ግፊቱ ከሚገባው በላይ ያሻቅባል። የቤልጅግ ሞዘሮች ለአዲሱ ወፍራም አረር የተሠሩ ስለሆኑ ለእነሱ ችግር የለም። ከዚያ በፊት የተሠራ የጀርመን ጠመንጃ የወረሰ ሰው ግን ቱቦውን ባለሙያ ሳይለካለት መተኮስ የለበትም።

በ6.5ም እንዲሁ ነው። የካርካኖ ጥይት 6.5×52 ነው። የስዊድን፣ የጃፓን፣ የኦስትሪያ 6.5ዎች አሉ፤ አንዱም የካርካኖ አይደለም። ካርካኖ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ስድስት ጥይት በአንድ ቀጭን ብረት ማቀፊያ ታቅፎ ካልገባለት እየተቀባበለ አይጎርስም። ማቀፊያው ከጠፋ አንድ አንድ እየጎረሰ የሚተኩስ ይሆናል። ብዙ ቤት ያለ ካርካኖ «ተበላሽቷል» የሚባለው ይሄው ጠፍቶ ነው።

ቂጡ ላይ ያለው ጽሑፍ ምን ይነግረናል?

የጥይቱ መታወቂያ ነው። መለኮሻዋን ከቦ ፊደልና ቁጥር ተመቶበታል። አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካው ምልክትና የተሠራበት ዓመት ነው።

ዓመቱ የአውሮፓ ነው። ይሄን ማስታወስ ይገባል። ሽማግሌው ከሹሎቹ በአንዱ ላይ «52» የሚል አይተው «በ1952 የተሠራ ነው፣ ገና ነው» አሉኝ። የእሳቸው 1952 የእኛ ነው፤ የታኅሣሥ ግርግር ዋዜማ። የጥይቱ 52 ግን በእኛ 1944 ወይም 1945 ነው። ጣሊያኖች ደግሞ አንዱን ዘለው በሦስት አኃዝ ይጽፋሉ። ከድቡልቡሎቹ ሦስት የካርካኖ ጥይቶች ሁለቱ «936» ይላሉ። 1936 እ.ኤ.አ.፣ የማይጨው ዓመት። አባትየው ከማን እንደማረኩት መገመት አያቅትም። ሽማግሌው ይሄን ስነግራቸው ጥይቷን ከእጄ ተቀብለው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

ቆርኪ ጠርዝ ያለው የእንግሊዝ .303 ነው፤ ይሄ ቁጥር በኢንች ነው። ቂጡ ላይ የሮማ ሰባት ተመቶበታል። ጌጥ አይደለም፤ እንግሊዞች በ1910 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሰባተኛው ሥሪት ማለት ነው።

ጠመንጃ የሚያዝገው ጥይት የትኛው ነው?

ሰብሳቢዎች ስለ ትርፍ ጥይት ሲያወሩ አዘውትረው የሚያነሱት ይሄን ነው። ነገሩ ቀላል ሆኖ ሳለ ብዙ ጠመንጃ የሞተው በዚሁ ነው።

አሮጌዎቹ መለኮሻዎች ውስጥ ፖታሲየም ክሎሬት የሚባል ቅመም አለ። አስተማማኝ ነው፣ ለዓመታት አይከዳም። ወታደሮች የወደዱት ለዚህ ነው። ሲነድ ግን ፖታሲየም ክሎራይድ የሚባል አመድ ትቶ ይሄዳል። እሱ ደግሞ የገበታ ጨው የቅርብ ዘመድ ነው። ሐምሌ ላይ ክዳኑ ተከፍቶ ያደረ የጨው ዕቃ ጠዋት እንደሚረጥበው፣ ቱቦው ውስጥ የቀረውም ጨው ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል። እርጥብ ጨውና ብረት ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ሰው ያውቀዋል። በአንድ ሌሊት ሊጀምር ይችላል።

ሰው የሚሳሳተው ማጽዳቱ ላይ ነው። ተኩሶ ሲጨርስ ዘይት ያፈስበታል። ዘይት ውስጥ ጨው ጨምራችሁ ብታማስሉ ይሟሟል? አይሟሟም፤ ታች ይተኛል። ዘይቱ ጨውን አያጥበውም፣ ይሸፍነዋል እንጂ። ጨው የሚታጠበው በውሃ ነው። እንግሊዝ ወታደሮች የፈላ ውሃ በቀጭን አፍ ማፍሰሻ ቱቦው ውስጥ ያፈሱ ነበር። የፈላው የተመረጠው ጨውን ቶሎ ስለሚያሟሟና ብረቱን አግሎ ራሱ ስለሚያደርቀው ነው። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ፣ መጨረሻ ላይ ዘይት። ይሄን ሳስረዳ ሽማግሌው የጀበናው አፍ ለዚህ እንደሚመች ጠቆሙ። ባለቤታቸው ከጓዳ ሆነው መልስ ሰጡ። መልሱን አልጽፈውም።

የትኛው ጥይት ነው እንዲህ ያለው? የአውሮፓ ጦር ሠራዊቶች ጥይት እስከ 1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ አብዛኛው እንዲህ ነበር። የሶቪየትና የምሥራቅ አውሮፓው ከዚያም በኋላ ለአሥርት ዓመታት ቀጥሏል። ከዚህ ነፃ የሆነችው አሜሪካ የሠራቻት የኤም-ዋን ካርባይን ጥይት ናት፤ ከተፈጠረችበት ጀምሮ ጨው የላትም። ሰብሳቢዎች ሕግ አላቸው፦ የወታደር ትርፍ ጥይት ከሆነ፣ ሌላ ነገር እስኪረጋገጥ ድረስ ጨው አለበት ብለህ እጠበው።

ጥይት ያረጃል?

ያረጃል። እንዲያውም ጠመንጃው ብረትና እንጨት ነው፣ ከተወለወለ ይቆያል። ጥይቱ ግን ኬሚካል ነው።

ጢስ አልባው ባሩድ የሚሠራው ከናይትሮሴሉሎስ ነው። ይሄ ነገር ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ቀስ በቀስ ራሱን ይፈታል፤ ሲፈታም አሲድ ይወጣዋል። አሲዱ ደግሞ መፍታቱን ያፋጥነዋል። ስለዚህ ፋብሪካው አሲዱን የሚውጥ ማረጋጊያ ይጨምርበታል። ማረጋጊያው ሲያልቅ ባሩዱ ያለ ጠባቂ ይቀራል። ይሄ በመጽሐፍ የሚነገር ስጋት ብቻ አይደለም። ፈረንሳዮች የሌበልን ጠመንጃ ያንቀሳቀሰውን ዓይነት ባሩድ ለመርከብ መድፍም ይጠቀሙ ነበር። በ1907 እ.ኤ.አ. «ኢዬና»፣ በ1911 ደግሞ «ሊበርቴ» የተባሉ የጦር መርከቦቻቸው ቱሎን ወደብ ቆመው ሳሉ ፈነዱ። ጥፋቱ የተጣለው በተበላሸው ባሩድ ላይ ነው።

ጣሳ ውስጥ ያለች ጥይት እንደ መርከብ አትፈነዳም። ደክማ ትተኩሳለች ወይም ቀለሃዋን ከውስጥ ትበላለች። የሚያስረጃት ከዓመቱ በላይ ሙቀቱ ነው። እዚህ አዳማ፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ፣ ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ሥር ቁም ሣጥን አናት ላይ የተቀመጠ ጥይት እየተጠበሰ ነው። በታሸገ ቆርቆሮ ቀዝቃዛ መጋዘን የቆየ የ1950ዎቹ ጥይት በደህና ሲተኮስ፣ መኪና ኮፈን ውስጥ የከረመ የአምስት ዓመት ጥይት ሊከዳ ይችላል። ስለዚህ «መቼ ተሠራ?» ከሚለው ይልቅ «የት አደረ?» የሚለው ይበልጣል።

ናሱም ይታመማል። እንግሊዞች ህንድ ሳሉ የዝናቡ ወቅት በመጣ ቁጥር የጥይታቸው አንገት ይሰነጠቅ ነበር። ጥይቱ ይቀመጥ የነበረው ፈረስ ጋጣ ውስጥ ነው። ከፈረሱ ሽንት የሚነሳው አሞንያ ከእርጥበቱ ጋር ሆኖ ናሱን እየሰነጠቀው መሆኑ በሳይንስ የተብራራው በ1921 እ.ኤ.አ. ነው። ጥይቱን በረት ወይም ዶሮ ቤት ግድግዳ ውስጥ የሸሸገ ሰው ይሄን ያስብ።

ሰፌዱ ላይ ለቀማ ጀመርን። ልክ እንደ ምስር። ስምንቱ ሹሎች በመጠን የቤልጅጉ ናቸው። ሁለቱ አንገታቸው ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አላቸው፤ በጥፍር ሲነካ ይታወቃል። ወጡ። አንዱ መለኮሻው ዙሪያ አረንጓዴ አውጥቷል። ወጣ። አንዱ አረሩ ወደ ውስጥ ሰምጧል። ወጣ፤ አረር ሲሰምጥ የባሩዱ ቦታ ይጠብና ግፊቱ ይጨምራል። አራት ቀሩ። የልጅ ልጃቸው «በናፍጣ ልወልውላቸው?» አለ። ተው አልነው። ናፍጣም ዘይትም በመለኮሻዋ ጠርዝ ሰርጎ ክብሪቱን ይገድለዋል። በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግም ናሱን ያሳሳል።

ቃታ ተስቦ ባይተኩስስ?

ወዲያው መክፈት አይደለም። አሮጌ መለኮሻ አንዳንዴ ይዘገያል። «ቀጭ» ይላል፣ ዝም ይላል፣ ከዚያ ይተኩሳል። ስለዚህ አፈሙዙ ሰው በሌለበት አቅጣጫ እንደተያዘ ቢያንስ 30 ሰከንድ ይጠበቃል። ከዚህ የከፋው ደካማ «ጵስ» የሚል ድምፅ ነው። አረሩ ቱቦው መሐል ቆሞ ሊሆን ይችላል። ቱቦው ባዶ መሆኑ በዓይን ሳይታይ ሁለተኛ ጥይት ከተከተለ ጠመንጃው ይቀደዳል።

ታዲያ ሁነኛው ጥይት ከየት ይገኛል?

በውጭ አገር ሰብሳቢዎች መልሱ ቀላል እየሆነ ነው። ትርፉን ትተው አዲስ ይገዛሉ። ለምሳሌ ሰርቢያ ኡዢሴ ከተማ ያለው ፕርቪ ፓርቲዛን የሚባለው ፋብሪካ የካርካኖውንም፣ የሞዘሩንም፣ የ.303ንም ጥይት ዛሬም ያመርታል፤ መለኮሻውም ጨው የለውም።

እዚህ አገር ነገሩ ከሱቅ አይጀምርም፣ ከሕግ ነው የሚጀምረው። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት መሣሪያ መያዝ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ያለ ፈቃድ መነገድ ወንጀል ነው። «አንድ ልጅ ያመጣልኛል» የሚባለው ጥይት ሕጉን ብንተወው እንኳ የት እንዳደረ የማይታወቅ ጥይት ነው። ፈቃድ ያለው ሰው ጥያቄውን ፈቃዱን ለሰጠው አካል ያቀርባል። ቤት ውስጥ የተገኘ አሮጌ ጥይት እሳት ውስጥ አይጣልም፣ ቆሻሻ ገንዳም አይገባም፣ ለልጅ መጫወቻም አይሰጥም። ለፖሊስ ተነግሮ ይረከቡታል።

ሽማግሌው አራቱን ደህና መሳዮች ይዘው ትንሽ አመነቱ። «እነዚህስ?» አሉ። ጠመንጃው ለበዓል ሊያዝ እንጂ ሊተኮስ አይደለም። ደግሞም ጣሳው ከአልጋ ሥር ከመግባቱ በፊት ስንት ዓመት ጣሪያ ሥር እንደነበር እሳቸውም አያስታውሱም። መልሰው ሰፌዱ ላይ አኖሯቸው። በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ነገሩ፤ አሥራ አራቱንም ተረከቧቸው።

ባዶዋን ቀለሃ አልሰጡም። ወፍራም፣ የውጅግራ ናት። እናታቸው ኩል ያስቀምጡባት ነበር። አፏ ላይ ከጨርቅ የተጠቀለለ ውታፍ አለ፤ ነቅለው አሳዩኝ፣ ውስጡ አሁንም ጥቁር ነው።